ነጠላ ዋጋ ከሥሩ፦ ስለ ግንባታ ግምትና ጨረታ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የምንሠራ አነስተኛ የሕንፃ ተቋራጮች ነን። እስካሁን ጨረታ ስንሞላ ቀድሞ ያሸነፍንበትን ዋጋ ወስደን የተወሰነ ፐርሰንት እንጨምርበት ነበር። አሁን መሐል ሜዳ ላይ የትምህርት ቤት ብሎክ ለመወዳደር አስበናል። የሲ-25 (የጥንካሬ ደረጃው 25 ሜጋፓስካል የሆነ) ኮንክሪትን ነጠላ ዋጋ፣ ማለትም የ1 ሜትር ኪዩቡን ዋጋ፣ ከሥሩ እንዴት እናውጣ?

መልስ፦ በድሮ ዋጋ ላይ ፐርሰንት የመጨመር ችግሩ የዋጋ ንረቱን አለመያዙ ብቻ አይደለም። ያ ዋጋ የሌላ ቦታ መንገድ፣ የሌላ ወቅት አየርና የሌላ ቡድን ጉልበት ተሸክሟል። ደብረ ብርሃን ላይ አስፋልት ዳር የወጣ ዋጋ ከጣርማ በር ታጥፎ በመዘዞና በሞላሌ አልፎ ለሚደረስ ሳይት አይሆንም።

ከማቴሪያል ጀምሩ። 1 ለ 2 ለ 3 (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) በሚደባለቅ ኮንክሪት፣ 1 ሜትር ኪዩብ ለማግኘት ወደ 1.54 ሜትር ኪዩብ ደረቅ ማቴሪያል ያስፈልጋል፤ ሲደባለቅና ሲጠቀጠቅ ክፍተቱ ይሞላልና። 1.54ን ለ6 ስታካፍሉት አንዱ ድርሻ 0.257 ይሆናል። ሲሚንቶው ይህ ድርሻ በ1,440 ኪሎ (በ1 ሜትር ኪዩብ ሲሚንቶ ክብደት) ሲባዛ ነው፣ ማለትም 370 ኪሎ ገደማ ወይም ባለ 50 ኪሎ 7.4 ከረጢት። አሸዋው 0.51፣ ጠጠሩ 0.77 ሜትር ኪዩብ ነው። ለብክነት 5 ፐርሰንት ስትጨምሩ ሲሚንቶው 7.8 ከረጢት ይደርሳል። ከዚያ ስፔሲፊኬሽኑን ተመልከቱ። «በሜትር ኪዩብ ቢያንስ 360 ኪሎ ሲሚንቶ» የሚል ከሆነ ሒሳባችሁ ይስማማል፤ ከዚያ በላይ ከጠየቀ ግን የምትይዙት የሰነዱን ነው። መለኪያ ሳጥኑንም አብራችሁ አስቡ። 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 36 ሊትር ስለሚይዝ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር ይቀራረባል። ሳይት ላይ በአካፋና በጋሪ የሚለካ ከሆነ ግን ወረቀት ላይ ያለው 7.8 ከረጢት መጠበቁን ማወቅ አትችሉም።

አሸዋ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከወንዝ የወጣ እርጥብ አሸዋ ያብጣል፤ ከደረቁ ይልቅ እስከ 25 ፐርሰንት ተጨማሪ ቦታ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በሒሳብ 0.51 የሆነው አሸዋ በመኪና ሲገዛ 0.64 ሊሆን ነው። ለመሐል ሜዳ ደግሞ የትራንስፖርቱ ድርሻ ከአሸዋው ከራሱ ዋጋ በላይ ሊሄድ ስለሚችል፣ «የአሸዋ ዋጋ ስንት ነው?» ብሎ መደወል አይበቃም። ሳይት ደርሶ፣ ተራግፎ፣ በደረሰኝ ስንት እንደሚሆን ጠይቁ። መኪናው ሲደርስ የሸክሙን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሜትር ለኩ። «የ16 ሜትር ኪዩብ ሲኖትራክ» የሚባለው ሁልጊዜ 16 አያራግፍም።

ቀጥሎ የሰው ጉልበት። ቀመሩ ቀላል ነው፤ የቡድኑን የቀን ደመወዝ ለቀን ምርቱ ማካፈል። ለምሳሌ ፎርማን፣ ግንበኛ፣ የሚክሰርና የቫይብሬተር ኦፕሬተር፣ የቀን ሠራተኞች ተደምረው በቀን 9,600 ብር ይውሰዱ እንበል። በቀን 12 ሜትር ኪዩብ ካፈሰሱ በሜትር ኪዩብ 800 ብር ነው። ምርቱ ወደ 8 ከወረደ ያው ቡድን 1,200 ብር ይሆናል። መሠረትና ሶሌታ ላይ 12 የሚያፈስ ቡድን አምድ ላይ ግማሹንም ላያፈስ ይችላል፤ አምድ ጠባብ ነው፣ ወደ ላይ የሚወጣው በባልዲ ነው። ስለዚህ ለመሠረት፣ ለአምድና ለሶሌታ አንድ ዋጋ አትሙሉ። የሚክሰርና የቫይብሬተር ኪራይን፣ ነዳጅን፣ የውሃ ቦቴን በዚሁ መንገድ በቀን ምርት አካፍሉ።

መሐል ሜዳ ከፍታ ላይ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱ ውርጭ ሊሆን ይችላል። ብርድ የኮንክሪቱን መጠንከር ያዘገየዋል፤ ገና ትኩስ ሳለ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ ደግሞ ጥንካሬው በኋላ የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል። ኮንክሪት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ጠዋት ማፍሰስ፣ ከሰዓት በኋላ በፕላስቲክና በጭድ መሸፈን ያስፈልጋል። ዋጋ ላይ የሚመጣው ግን ሌላ ነገር ነው። ፎርምወርኩ (ኮንክሪቱ የሚፈስበት የጣውላ ቅርጽ) ከተለመደው በላይ ስለሚቆይ ወይ ሁለተኛ ስብስብ ጣውላና አጣና ትገዛላችሁ፣ ወይ ሥራው ይረዝማል። ሲረዝም የጥበቃ፣ የስቶር፣ የፎርማን ወጪ ይቀጥላል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ቢሆን ኖሮ ችግራችሁ ተገላቢጦሽ ነበር፤ ኮንክሪቱ ቶሎ እንዳይደርቅ ውሃ ማጠጫው ነበር የሚታሰበው።

ይህ ሁሉ ቀጥተኛ ወጪ ነው። ቀጥተኛ ያልሆነውን ለየብቻ ዘርዝሩ፦ የባንክ ዋስትና ክፍያ፣ ኢንሹራንስ፣ የ7 እና የ28 ቀን የኩብ (የኮንክሪት ጥንካሬ) ምርመራ፣ ካምፕ፣ የቢሮ ወጪና ትርፍ። እዚህ ላይ አንድ ስህተት ይደጋገማል። ቀጥተኛ ወጪው 10,000 ብር ሆኖ 20 ፐርሰንት ብትጨምሩ 12,000 ይሆናል፤ ይህ ግን የመሸጫውን 20 ፐርሰንት አያተርፍላችሁም፣ 16.7 ብቻ ነው። ከመሸጫው 20 ፐርሰንት ለመያዝ 10,000ን ለ0.8 አካፍሉ፤ 12,500 ይመጣል።

በመጨረሻ ነጠላ ዋጋው ምን እንደሚያካትት የሥራ ዝርዝሩን መግቢያ አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ ፎርምወርክ በካሬ፣ ብረት በኪሎ ለብቻቸው ይለካሉ፤ ኮንክሪቱ ውስጥ ከጨመራችኋቸው ሁለት ጊዜ አስከፍላችሁ ከውድድር ትወጣላችሁ። 15 ፐርሰንት ቫትም ማጠቃለያው ላይ ቦታ ካለው በነጠላ ዋጋ ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ የሚሠራውን የመሬት ሥራ አስወድዶ ጣሪያውን ማርከስ ቶሎ ገንዘብ ያስገኛል የሚሉ አሉ። ገምጋሚው የዋጋ ትንተና ቢጠይቃችሁ ማስረዳት የማትችሉትን ዋጋ ባትጽፉ ይሻላል።

ጥያቄ፦ እነዋሪ ላይ 120 ካሬ ቤት ልሠራ ነው። አንዱ ባለሙያ «በካሬ ይህን ያህል» ብሎ ሙሉ ዋጋ ነገረኝ፤ ሌላው በጣም ዝቅ አለ። በየቱ ልዋዋል?

መልስ፦ እስካሁን ባለው መረጃ በየቱም አይዋዋሉ። ሁለቱ የሰጡት ዋጋ ለአንድ ዓይነት ሥራ ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለዎትም። የሁለተኛው ዋጋ ያለ ማቴሪያል የእጅ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ወይም መሠረቱን ለጠንካራ መሬት አስቦት ይሆናል።

እነዋሪ ዙሪያ ያለው ጥቁር መረሬ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። እዚያ ላይ ቤት ሲሠራ አፈሩ ተቆርጦ ይወጣና በገረጋንቲ (በማያብጥ የሙሌት አፈር) ይተካል፤ ጥልቀቱን የሚወስነው የጉድጓድ ምርመራ ነው። ለምሳሌ 120 ካሬ ላይ 1 ሜትር ብቻ ቢቆፈር 120 ሜትር ኪዩብ ነው። ሲወጣ ግን 30 ፐርሰንት ያህል ይሰፋል፤ የሚጫነው 156 ሜትር ኪዩብ ወይም አሥር የሲኖትራክ ጉዞ ይሆናል። ወደ ውስጥ የሚገባው ገረጋንቲም ሲጠቀጠቅ ስለሚወርድ 120ውን ለመሙላት ወደ 150 ሜትር ኪዩብ ልቅ ገረጋንቲ ይገዛል። ይህ ሥራ «በካሬ» ዋጋ ውስጥ ካልተጻፈ፣ ቁፋሮው ካለቀ በኋላ «ተጨማሪ ሥራ» ሆኖ ይመጣብዎታል። ያኔ ጉድጓዱ ተከፍቷል፤ ሌላ ባለሙያ ለመፈለግ ጊዜ የለዎትም፤ ዋጋ የሚቆርጠው እሱ ነው።

መሐንዲስ ወይም ድራፍትስማን ፈልገው ከፕላኑ የሥራ ዝርዝርና መጠን ያስወጡ። ያንኑ ወረቀት ለሁለቱም ይስጡ፤ ባዶ የሚተውት የነጠላ ዋጋውን ዓምድ ብቻ ነው። ግድግዳውን እራስዎ መፈተሽ ይችላሉ። 40 በ20 ብሎኬት ከነሞርታሩ በካሬ 12.5 ነው፣ ከስብራት ጋር 13 ይያዙ። የሚቀነሱት በርና መስኮት መቀነሳቸውንም ይመልከቱ። ክፍያውን በቀን ሳይሆን በተጠናቀቀ ሥራ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና በማኅበር ተደራጅተን ጨረታ ገባን። አንድ ነጠላ ዋጋ በስህተት አሳንሰን ጻፍን፤ ድምሩ ግን ትክክለኛውን ዋጋ ይዟል። ኮሚቴው በነጠላ ዋጋው አስተካክሎ ዝቅ አደረገን። መቃወም እንችላለን?

መልስ፦ ሰነዱን ተመልከቱ፤ የተለመደው አንቀጽ ግን ከኮሚቴው ጋር ነው። ነጠላ ዋጋና የመስመሩ ድምር ሲጋጩ ነጠላ ዋጋው ይጸናል፤ ቁጥርና ፊደል ሲጋጩ ፊደሉ ይጸናል። ለየት የሚለው የአስርዮሽ ነጥብ ሲዛነፍ ነው፤ 1,850.00 ሊሆን የሚገባው 185.00 ተብሎ ስህተቱ ለማንም ግልጽ ከሆነ ድምሩ ሊጸና ይችላል። የእናንተ ጉዳይ ይህን የሚመስል ከሆነ በሰነዱ በተፈቀደው የቅሬታ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ አቅርቡ። ካልሆነ ግን እርማቱን አልቀበልም ማለት የጨረታ ማስከበሪያውን ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ሊያስወርስ ይችላል። ለወደፊቱ ዋጋውን ሞልቶ የጨረሰው ሰው ሳይሆን ሌላ ሰው በካልኩሌተር እያንዳንዱን መስመር ያባዛ።

ጥያቄ፦ ጫጫ ላይ ለሳይት ግዥ ነው የምሠራው። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብረት በቤርጋ (በዘንግ ቁጥር) ገዛን፣ የሥራ ዝርዝሩ ደግሞ በኪሎ ነው። በክፍያ ጊዜ አልተገናኘም። ለምን?

መልስ፦ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ወይ ውፍረቱ ወይ ርዝመቱ ነው። የብረት ክብደት በሜትር፣ ዲያሜትሩ በሚሊ ሜትር ተወስዶ በራሱ ተባዝቶ ለ162 ሲካፈል ይገኛል። ባለ 12 ብረት በሜትር 0.888 ኪሎ ነው፤ 12 ሜትር ቤርጋ 10.7 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 8 ቤርጋ 4.7፣ ባለ 10ሩ 7.4፣ ባለ 14ቱ 14.5፣ ባለ 16ቱ 19 ኪሎ ነው። ባለ 12 ተብሎ የተሸጠው በእርግጥ 11.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቤርጋው 9.3 ኪሎ ይሆናል፤ ከመቶ 13 ያህል ጎድሏል። የምትከፈሉት በፕላኑ በ12 ስለሆነ በክፍያ ወረቀቱ ላይ ኪሎው ሙሉ ሆኖ ይገኛል፤ ብረቱ ግን ለሕንፃው የሚገባውን አይሸከምም፣ ተቆጣጣሪው ናሙና ካስመረመረ ደግሞ ሙሉ ጭነቱ ይመለሳል።

በቤርጋ ሳይሆን በኪሎ ግዙ፣ ፕሮፎርማውም በኪሎ ይሁን። ጭነቱ ሲደርስ ከየእስሩ ሦስት ቤርጋ አውጡ፣ በሜትር ለኩ፣ መዝኑ፣ ክብደቱን ለርዝመቱ አካፍላችሁ ከላይ ካለው ጋር አስተያዩ። በካሊፐር ብቻ አትለኩ፤ የብረቱ ጎድጓዳና ጉብታ ያሳስታል። ለክፍያ ልዩነቱ ሌላ መነሻም አለ። በአብዛኛው ውል የሚለካው በዝርዝር ሥዕሉ ያለው ርዝመት ነው፤ ቁርጥራጭና ጥቁር ማሰሪያ ሽቦ በነጠላ ዋጋው ውስጥ ተካተዋል ተብሎ ይታሰባል። ስትገዙ 5 ፐርሰንት ያህል ትርፍ የምትይዙት ለዚህ ነው፣ ያ ትርፍ በኪሎ አይከፈላችሁም። የተረፈውን ቁርጥራጭ ለማዕዘን ማሰሪያና ለሊንቴል የሚሆነውን ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ከ1 ሜትር በታች የሆነውን ግን ስቶር ውስጥ ቆጥሮ መመዝገብ ጊዜ ከማባከን በቀር የሚሰጠው ነገር የለም።