መልስ፦ የባትሪ «ሴል» እና የባዮሎጂው «ሴል»

ወንድሜ፣ መካኒኩ «የባትሪህ አንዱ ሴል ሞቷል» ሲልህ፣ ሴል ሕዋስ አይደል እንዴ ብለህ ጠይቀሃል። መካኒኩ ልክ ነው።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ ትንሽ ክፍል ማለት ነው። የመነኩሴ በአት በለው። የእስር ቤቷ ጠባብ ክፍልም ሴል ናት። ሮበርት ሁክ የሚባል እንግሊዛዊ ቡሽ በስሱ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ቢያየው እንደ ማር እንጀራ ክፍልፋይ ሆኖ አገኘው። ሴል አለው፣ በ1665 እ.ኤ.አ.። የባዮሎጂው ስም ከዚያ መጣ።

ወደ ባትሪህ እንመለስ። ክዳኑ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ ከላይ ስድስት ክዳን ታያለህ። ከእያንዳንዱ በታች ለብቻው የታጠረ ክፍል አለ፤ ውስጡ የእርሳስ ሰሌዳና አሲድ ነው። አንዱ ክፍል 2 ቮልት ገደማ ይሰጣል፣ ስድስቱ ተያይዘው 12። አንዱ ሲሞት ወደ 10 ትወርዳለህ፣ ሞተሩም አልነሳ ይላል።

አሜሪካኖች ሞባይልን «ሴል ፎን» የሚሉትም አገሩ በየአንቴናው ክልል ስለሚከፋፈል ነው። ኤክሴል በሚባለው የኮምፒውተር ሠንጠረዥ ያለችው ሳጥንም ያው ሴል ናት። እኔማ ኤክሴል ስማር «ሴሉን ምረጡ» ሲሉን ግራ ገብቶኝ ነበር!