ልጆቹ ከተኙ በኋላ፦ ብቻቸውን በድብቅ ለሚጠጡ ወላጆች ጥያቄና መልስ

በአእምሮ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ባለፈው ሰሞን ልጅ እያሳደጉ በድብቅ ስለሚጠጡ እናቶችና አባቶች ትንሽ ጽፌ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣልኝ ጥያቄ ብዙ ነው፣ ሁሉም ማለት ይቻላል "ስሜ አይጠቀስ" የሚል ማሳሰቢያ አለው። ስም ሳልጠራ፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ሲስተር፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ትልቁ አምስት ዓመቱ ነው። ባለቤቴ ሥራው ክፍለ ሀገር ስለሆነ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። ልጆቹን አስተኝቼ ወይን መጠጣት የጀመርኩት እንቅልፍ እንዲወስደኝ ብዬ ነበር። መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ ነበር፣ አሁን ጠርሙሱ አያድርም። ከጤፉ ጆንያ ጀርባ እደብቀዋለሁ፤ ጠዋት ቅርንፉድ አኝኬ ሥራ እገባለሁ። ሰክሬ አላውቅም፣ ልጆቼንም አስርቤ አላውቅም። ሰካራም ልባል ነው?

እህቴ፣ "ሰካራም" የሚለውን ቃል ተይው፤ ማንንም አክሞ አያውቅም። ሐኪሞች ከ40 ዓመት በላይ ሲጠይቋቸው የኖሩ አራት ጥያቄዎች አሉ። መጠጡን መቀነስ አለብኝ ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ? ሰው ስለ መጠጥሽ ሲያነሳብሽ ተናደሽ ታውቂያለሽ? በመጠጣትሽ ጸጸት ተሰምቶሽ ያውቃል? ጠዋት እጅሽ እንዲረጋጋ ወይም ራስሽን እንዲለቅሽ ብለሽ ቀምሰሽ ታውቂያለሽ? ሁለቱን "አዎ" ካልሽ ባለሙያ ማየት አለብሽ።

መጠኑን እናስላው። 750 ሚሊ ሊትር ወይን 12 በመቶ ከሆነ ወደ 70 ግራም ንጹሕ አልኮል አለው፤ ከአምስት ጠርሙስ ቢራ ይበልጣል። የሴት ሰውነት ደግሞ ከወንድ ያነሰ ውሃ ስላለው ያው መጠን በደም ውስጥ ከፍ ብሎ ይገኛል። ይህን ሁሉ ጠጥተሽ አለመስከርሽ ሰውነትሽ እንደለመደው ነው የሚነግረኝ። እንቅልፉንም ቢሆን አልሰጠሽም፤ ቶሎ ያስተኛሽና አልኮሉ ከደምሽ ሲወጣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ልብሽ እየመታ ያነቃሻል። ቀን የሚሰማሽ ፍርሃትና መነጫነጭ ግማሹ ከዚያ የመጣ ነው። ማታ ያንኑ ለማስታገስ እንደገና ትከፍቻለሽ።

ከወይኑ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ጆንያው ነው። በእኛ አገር መጠጥ ከሰው ጋር ነው፤ ጠላው በማኅበር፣ ጠጁ በሠርግ። እዚያ "ይብቃሽ" የሚል ታላቅ ወይም ጎረቤት አይጠፋም። ብቻዋን የምትጠጣ ሴት "ይብቃሽ" የሚላት የለም። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ለአንድ ሰው ንገሪ። እህትሽም ትሁን፣ የንስሐ አባትሽም ይሁኑ፣ የማታውቂው ሐኪምም ይሁን። መናገር ያለብሽም "ማታ ማታ ብቻዬን እጠጣለሁ፣ ማቆም አቃተኝ" የሚለውን ብቻ ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አይጠበቅብሽም።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሦስት ልጆች ብቻዬን ነው የማሳድገው። ሥራ ላይ ሃይላንድ ይዤ እውላለሁ፤ ሰው ውሃ ይመስለዋል፣ አረቄ ነው። በቀን ግማሽ ሊትር ይሆናል። ጠዋት ካልቀመስኩ እጄ ይንቀጠቀጣል። ባለፈው ሴት ልጄ አፌን አሽትታ ዝም አለች። ከነገ ጀምሮ በአንዴ ላቆም ወስኛለሁ።

ወንድሜ፣ ነገ በአንዴ አታቁም። ውሳኔህን እንድትተው አይደለም የምለው፤ በዚህ መጠን ስትጠጣ ቆይተህ ሐኪም ሳያይህ ማቋረጥ ሊገድልህ ስለሚችል ነው።

45 በመቶ የሆነ ዳግም አረቄ ግማሽ ሊትሩ ወደ 180 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው፤ ከ13 ጠርሙስ ቢራ በላይ ማለት ነው። በሃይላንድ የሚጠጣ ሰው ስለማይቆጥር ይህን ያህል መሆኑን አያውቀውም። አንጎል ለዚህ ማደንዘዣ ራሱን አስተካክሎ ኖሯል፤ ድንገት ሲነሳበት ከልክ በላይ ይነቃል። ከመጨረሻው መጠጥ 6 ሰዓት ገደማ በኋላ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማስመለስና ጭንቀት ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ አንዳንዱ ሰው ያለበት ቦታ ይጠፋዋል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ትኩሳቱና የልብ ምቱ ይጨምራል። ካልታከመ ገዳይ የሚሆነው ይህ ነው።

ጠዋት እጅህ የሚንቀጠቀጠው ሰውነትህ ከወዲሁ እያስጠነቀቀህ ነው። ስለዚህ ነገ ሆስፒታል ሂድ። አዲስ አበባ ከሆንክ አማኑኤል አለ፤ ከዚያ ውጪም ብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ምን ያህል እንደምትጠጣ፣ መቼ እንደቀመስክ እውነቱን ንገራቸው፤ አሳንሰህ ከነገርካቸው መድኃኒቱም ያንስብሃል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ዳያዜፓም ነው፣ መጠኑ በቀናት ውስጥ እየተቀነሰ ይቆማል። ከፋርማሲ ገዝተህ ራስህን አታክም፤ ከአረቄ ጋር ሲደባለቅ ትንፋሽ ያስቆማል። ቢ1 የሚባለውን ቫይታሚን ታያሚንንም ይሰጡሃል፤ ለረጅም ጊዜ በጠጣ ሰው ላይ የእሱ ማነስ አንጎልን ይጎዳል። ሐኪም ዘንድ እስክትደርስ ድረስ አትጨምር፣ በአንዴም አታቋርጥ። መተኛት ካስፈለገህ ልጆቹ ማን ጋር እንደሚያድሩ ዛሬውኑ አስብበት፤ "ልጆቹን ለማን ትቼ" ብለው የቀሩ አባቶች አይቻለሁ።

ልጅህ ዝም ማለቷ አለማወቋ አይደለም። "እንደታመምኩ አውቄያለሁ፣ ልታከም ነው፣ ጥፋቱም ያንቺ አይደለም" በላት።

እህቴን ጸበል ልወስዳት ነው፤ ሐኪም ቤት አልሄድም ትላለች። ያቆሙ ሰዎች አውቃለሁ። ምን ትያለሽ?

እኔም ጸበል ሄደው ያቆሙ አውቃለሁ። ከቤቷ፣ ከምትገዛበት ሱቅ፣ ከዚያ ሰዓት ትርቃለች፤ አብሯት የሚጸልይ ሰው አለ፣ ምስጢሯም ምስጢር መሆኑ ያበቃል። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የምፈራው የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ነው። በየቀኑ አብዝታ የምትጠጣ ሴት በአንዴ አቁማ፣ በዚያ ላይ ጾማ፣ ብርድ ላይ ብታድር ከላይ የጻፍኩት ሁሉ እዚያው ሊደርስባት ይችላል። በሦስተኛው ቀን ስትጮኽና የሌለ ሰው ስታይ "መንፈሱ ለቀቀ" ይባላል፣ ሐኪም የሚጠራም አይኖርም። መጀመሪያ ሆስፒታል ወስደሽ እነዚህን ቀናት አሳልፊያት፣ ከዚያ ሱባኤዋን ትግባ። መድኃኒት ከታዘዘላትም እየዋጠች ትጠመቅ። የንስሐ አባቷን አማክሪ፤ "ሐኪም ዘንድ ሂጂ" የሚለውን ከእሳቸው አፍ ብትሰማው ከእኔም ካንቺም በላይ ይሰማታል።

በሁዳዴ 55ቱንም ቀን አልቀምስም፣ ምንም አይለኝም። ፋሲካ ሲመጣ ግን ይብስብኛል። ይህ ሱስ አይደለም አይደል?

ሳትንቀጠቀጥ 55 ቀን መቆየትህ ሰውነትህ ገና በጽኑ እንዳልታሰረ ያሳያል፣ ጥሩ ነው። ግን የቆምከው የጾሙን ማብቂያ እየጠበቅህ ነው። በሁዳዴ ማታ ማታ ምን ትሠራ ነበር? ከማን ጋር ታመሽ ነበር? የፋሲካ ማግስትም ያንኑ ቀጥልበት። በረመዳን አቁመው ከዒድ በኋላ ለሚመለሱም መልሴ ይኸው ነው።

ሚስቴ እንደምትጠጣ ደርሼበታለሁ፣ እሷ ግን እንዳወቅኩ አታውቅም። መጠጥ የሚያስጠላ ኪኒን አለ ተብሏል። ሳትነግራት ምግቧ ውስጥ ጨምርላት አሉኝ።

በፍጹም አታድርገው። የምትለው ኪኒን ዳይሰልፊራም ነው። የወሰደ ሰው ከጠጣበት ፊቱ ይቀላል፣ ያስመልሰዋል፣ ልቡ ይመታል፣ የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል፤ የሞተም አለ። የሚሰጠው አውቆ ለፈቀደ ሰው በሐኪም ክትትል ብቻ ነው። ሳታውቅ ብትሰጣት ጠላ ቀምሳ ልትወድቅብህ ትችላለች፣ ስትደርስበት ደግሞ ከእጅህ ምግብ አትበላም። እንደ ናልትሬክሶን ያሉ የመጠጣት ፍላጎትን የሚቀንሱ ሌሎች መድኃኒቶችም አሉ፤ እነሱም የሚታዘዙት በእሷ ፈቃድ ነው።

ማታ ሳይሆን ጠዋት፣ ልጆቹ በሌሉበት "ብቻሽን እንደምትጠጪ አውቃለሁ፣ አልተቆጣሁም፣ አብሬሽ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ" በላት። ከዚያ ደግሞ ከቤቱ ሥራ የትኛውን እንደምትወስድላት ቁርጥ አድርገህ ንገራት። "አግዝሻለሁ" ማለት ብቻ አይበቃም። ልጆቹን ማታ አጥቦ የሚያስተኛው አንተ ከሆንክ የምትጠጣበት ሰዓት ይለወጣል።

አራስ ነኝ። ጥቁር ቢራ ወተት ያመጣል ብለው ለመዱልኝ፤ አሁን ሳልጠጣ አላድርም።

ወተት አያመጣም። አልኮል ወተት እንዲወርድ የሚያደርገውን ሆርሞን ስለሚገታ ሕፃኑ የሚያገኘው ያንሳል። በደምሽ ያለውም በወተትሽ አለ። አጥሚቱና በቂ ውሃ ይበልጥሻል፤ ማጥባትሽንም አታቋርጪ። "ሳልጠጣ አላድርም" ማለትሽ ግን ከወተቱ በላይ ያሳስበኛል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት በመጠጥ ሊሸፈን ይችላልና ለክትትል ስትሄጂ ይህንኑ ንገሪያቸው።

ከሥራ በኋላ ጫት እቅማለሁ፣ ከዚያ ልጆቼ ጋር ከመግባቴ በፊት ለጨብሲ ትንሽ እላለሁ። ያለ ጨብሲ እንቅልፍ የለም።

ምርቃናውን በመጠጥ ስትሰብር አንዱ ሱስ ሌላውን እየጠራው ነው። መጠጡን ብቻ ለማቆም ብትሞክር ጫቱ ሊመልስህ ይችላል፤ ጫቱም አብሮ መነካት አለበት።

ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ሌሊት እየሠራሁ ልጆቼን ብቻዬን አሳድጋለሁ። ለሐኪም ብናገር ልጆቼን ይወስዱብኛል ብዬ እፈራለሁ።

የኔ እህት፣ ይህን ፍርሃት ከብዙ የአገራችን ልጆች ሰምቻለሁ። መታከም መፈለግሽ ብቻውን ልጅ የሚያስወስድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የሱስ ሕክምና መዝገብን ከሌላው የሕክምና መዝገብ በጠበቀ ሁኔታ የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ አለ። ችግር የሚያመጣው ልጅ ሲጎዳ ወይም ለአደጋ ሲጋለጥ ነው፤ ጠጥተሽ ልጆቹን በመኪና መውሰድ ለምሳሌ። እሱን ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ።

ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በነፃ ያቀርብልሻል፤ ስትደውይ "አማርኛ" በያቸው። ልጅሽን እንዳታስተረጉሚው አደራ። በ1-800-662-4357 ቀንም ሌሊትም በነፃ ደውለሽ የት መታከም እንደምትችዪ መጠየቅ ትችያለሽ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብሽ 988 ደውዪ።

ኩዌት ነኝ፣ ልጆቼ እናቴ ጋር ናቸው። ናፍቆቱ ሲከብደኝ ሰው ቤት ውስጥ የሠራውን እጠጣለሁ።

እሱን መጠጥ ተይው እህቴ። ሜታኖል የሚባል መርዛማ አልኮል ያለበትን ከሌለው በማሽተትም በመቅመስም አትለዪውም። እዚያው ኩዌት በ2025 እንዲህ ያለ መጠጥ ብዙ የውጭ አገር ሠራተኞችን ገድሏል። ከጠጣሽ በኋላ ዓይንሽ ከደበዘዘ ወይም ሆድሽን አጥብቆ ካመመሽ እስራቱን ፈርተሽ አትዘግዪ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ግቢ፤ ዓይንም ሕይወትም የሚተርፈው በቶሎ ሲታከም ነው።

ታክሜ አቁሜ ነበር፤ ከዘመድ ለቅሶ ስመለስ ጠጣሁ። ሁሉም ነገር ከዜሮ ሆነ?

አልሆነም። የጠጣኸው አንድ ምሽት ከሆነ ጠርሙሱን ዛሬ ከቤት አውጣ፣ የነገርከውን ሰው ደውለህ ንገረው፣ መድኃኒትም ካለህ ሐኪምህን ሳትጠይቅ አታቋርጥ። ለቀናት በተከታታይ ጠጥተህ ከሆነ ግን እንደ መጀመሪያው ጊዜ ሆስፒታል ገብተህ አቁም፤ ደጋግሞ በጀመረና ባቋረጠ ሰው ላይ መንፈራገጡ እየባሰ ሊሄድ ይችላልና ባለፈው ጊዜ በቀላሉ አለፈልኝ ብለህ እቤት አትሞክረው።