ቴለርነቱን ልቀበል ወይስ አክሲዮን ገበያውን ልጠብቅ?

በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመርቀሻል። አንድ ባንክ በቴለርነት ሊቀጥርሽ ነው። ልብሽ ግን ያለው አዲሱ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች (የአክሲዮንና የቦንድ) ገበያ ላይ ነው። "ቴለር ሆኜ ብቀርስ?" ነው ያልሽኝ።

እህቴ፣ ሥራውን ያዢው። ገበያው በይፋ የተከፈተው ጥር 2017 ነው፤ ገና ለጋ ነው። እሱን ብለሽ ቤት አትቀመጪ። ባንክ ውስጥ ደግሞ ብዙ ተመራቂ ልብ የማይለው ክፍል አለ፣ ትሬዠሪ የሚባል። የባንኩን ገንዘብ በየቀኑ የሚያመጣጥነው፣ ከሌሎች ባንኮች ጋር የሚበዳደረው፣ መንግሥት ለአጭር ጊዜ በሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድ ጨረታ የሚሳተፈው እሱ ነው። ዓይንሽን እዚያ ላይ ጣይ።

እዚያ ለመግባት ወለድ እንዴት እንደሚሠራ በደንብ ማወቅ አለብሽ። ፈተና ላይ ኤ ማምጣት አይበቃም። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 የፖሊሲ ወለድ ተመን ብሎ 15 በመቶ አወጣ። ከባንኮች ጋር ሲገበያይ መነሻው ይህ ነው። ተመኑ ከፍ ሲል ባንኮች ገንዘብ የሚያገኙበት ዋጋ ይወደዳል፤ ቀስ እያለም ነጋዴው የሚበደርበት ወለድ ላይ ይደርሳል።

ብዙ ልጆች ቃለ መጠይቅ ላይ የሚደናገሩት ግን በግምጃ ቤት ሰነድ ነው። በምሳሌ እንየው። መንግሥት ከ364 ቀን በኋላ 100 ብር የሚከፍልበትን ሰነድ ዛሬ በ86 ብር ገዛሽ እንበል። ትርፍሽ 14 ብር ነው። ይህን ላወጣሽው 86 ብር አካፍዪው፤ 16.3 በመቶ ገደማ ይመጣል። በሚቀጥለው ጨረታ ፈላጊ በዝቶ ዋጋው 90 ቢገባ ትርፉ ወደ 11.1 በመቶ ይወርዳል። መንግሥት የሚከፍለው ያው 100 ብር ነው። የተለወጠው አንቺ የገዛሽበት ዋጋ ብቻ ነው። ዋጋ ሲወጣ ወለድ የሚወርደው ለዚህ ነው፤ ቦንድም ላይ ሕጉ አንድ ነው። ይህን ሸምድደሽ ሳይሆን ገብቶሽ ማስረዳት ከቻልሽ ከብዙዎቹ ቀድመሻል።

የጨረታ ውጤቶችን ተከታተዪና በኤክሴል ራስሽ አስሊ። መስኮት ላይ ደግሞ "ለቁጠባዬ ትንሽ እየከፈላችሁ ስታበድሩ ለምን ታስወድዳላችሁ?" የሚል ደንበኛ አይጠፋም። በትዕግሥት መልሺለት። በልዩነቱ ውስጥ የሠራተኛ ደመወዝ አለ፣ የማይመለስ ብድር አለ፣ ወለድ ሳያመጣ ብሔራዊ ባንክ የሚቀመጥ መጠባበቂያ አለ፣ የባለአክሲዮኖች ትርፍም አለ።

ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ግን ከቴለርነት ወደ ሌላ ክፍል ለመወዳደር ስንት ጊዜ መሥራት እንደሚጠበቅብሽ ጠይቂያቸው።