«አስሩን በአስራ አንድ»፦ ባንክ በሌለበት የኦቶማን ዘመን ሰው እንዴት ይበደር ነበር?

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድማችን ትናንት ያነሳው ጥያቄ በጣም ደስ ብሎኛል። ባጭሩ እንዲህ ነበር ያለው፦ «ኦቶማን ቱርክ ሦስት አህጉር ላይ ሲገዛ ባንክ አልነበረውም ይባላል። ወለድ ደግሞ በእስልምና ክልክል ነው። ታዲያ ሰው ከማን ይበደር ነበር? መንግሥቱስ ለጦርነት ገንዘብ ከየት ያመጣ ነበር?»

እኔ ቱርክ ውስጥ ቡርሳ ከተማ አራት ዓመት ተምሬያለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌም በዚሁ በብድር ጉዳይ ላይ ነበር። ስለዚህ ትንሽ ረዘም ቢልባችሁ ታገሱኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ባንክ አልነበረም የሚለው እውነት ነው። ብድር ግን እንደ ጉድ ነበር። የቡርሳንና የካይሴሪን ከተሞች የቃዲ (የሸሪዓ ዳኛ) ፍርድ ቤት መዝገብ ስታገላብጥ የማይበደር ሰው ያለ አይመስልህም። ሙስሊሙም፣ አርመኑም፣ ግሪኩም፣ አይሁዱም አለበት። ክርስቲያኑ ከሙስሊሙ ጋር ተዋውሎ ቃዲ ፊት ይቆማል። እኔን በጣም የገረመኝ የሴቶቹ ነገር ነው። በራሳቸው ስም ያበድራሉ፣ ይበደራሉ፣ ያልከፈላቸውን ይከሳሉ።

ብዙ ገንዘብ የሚያበድረው ግን ግለሰብ ሳይሆን ወቅፍ ነበር። እኛ ወቅፍ ሲባል ለመስጊድ የተሰጠ መሬት ወይም ቤት ነው የሚታየን። ቱርኮቹ ጥሬ ገንዘብም ይወቅፉ ነበር። እንበል አንድ ሰው 10,000 አክቼ ይሰጣል። አክቼ ትንሽዬ የብር ሳንቲም ናት። ዋናው ገንዘብ አይበላም፤ ለሰው ይበደራል። ከሚገኘው ትርፍ የቁርዓን አስተማሪ ደሞዝ ይከፈላል፣ የሰፈሩ ቧንቧ ይጠገናል፣ ለድሃ ምግብ ይበስላል። ሰፈርተኛው ላይ ድንገተኛ ግብር ሲጣልበት የሚከፍልለት የሰፈር ወቅፍም ነበር። የእኛን እድር ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

አሁን ወደ ወለዱ ልምጣ። መዝገቡን ማንበብ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። የብድር ውሎቹ መሃል ደጋግሞ ጨርቅ ይመጣል። ወቅፉ ገንዘብ ያበድራል፤ እዚያው ላይ ደግሞ ለዚያው ተበዳሪ ጨርቅ ይሸጣል። ምን አገናኛቸው? መምህሬ ወረቀት አውጥተው ሲያሰሉልኝ ነው የገባኝ። አንድ ሰው 1,000 አክቼ ይበደራል። ለብቻው ደግሞ አንድ ጨርቅ በ100 አክቼ በዱቤ ይገዛል፤ ዋጋውን በዓመቱ ሊከፍል። ከዚያ ጨርቁን ለወቅፉ መልሶ በስጦታ ይሰጣል። ዓመቱ ሲደርስ የሚከፍለው 1,100 ነው። 1,000ው ብድር፣ 100ው የጨርቅ ዋጋ። ወለድ የሚል ቃል የትም ቦታ የለም። ያው አንድ ጨርቅ በማግስቱ ለሌላ ተበዳሪ ሊሸጥ ይችላል።

ቱርኮቹ ይህን ሒሳብ «አስሩን በአስራ አንድ» ይሉታል። አስር ወስደህ አስራ አንድ ትመልሳለህ። አስር በመቶ ማለት ነው፤ አንዳንዴ እስከ አስራ አምስት ይደርሳል። ሌላም መንገድ ነበር። ተበዳሪው ቤቱን ለወቅፉ «ይሸጣል»፣ ግን አይወጣም። ኪራይ እየከፈለ እዚያው ይኖራል። ብድሩን ሲመልስ ቤቱም ይመለስለታል። ኪራዩ ነው እንግዲህ ትርፉ።

ይህ ሁሉ ዝም ተብሎ አላለፈም። በ1540ዎቹ በሱልጣን ሱለይማን ዘመን ሊቃውንቱ ተፋጠጡ። ቺቪዛዴ የሚባሉት ትልቅ ዐሊም «ገንዘብ አይወቀፍም» ብለው ተቃወሙ፤ ለጊዜውም አሳግደውት ነበር። ሸይኹል ኢስላሙ፣ ማለትም የመንግሥቱ ዋና ሙፍቲ፣ ኤቡሱዑድ ደግሞ ሕዝቡ ለምዶታል፣ ቢከለከል ስንቱ የበጎ አድራጎት ሥራ ይፈርሳል ብለው ተከራከሩ። የሶፊያው ሸይኽ ባሊ ኤፌንዲም ደብዳቤ ጽፈው እገዳውን ነቀፉ። በመጨረሻ ሱልጣኑ ለኤቡሱዑድ ፈረዱ። ቢርጊቪ የተባሉ ሌላ ዐሊም ግን በ1573 እስኪሞቱ ድረስ አልተቀበሉትም። እኔ ሁለቱንም ወገን አከብራለሁ። ቢርጊቪ ጨርቁ ስም ብቻ መሆኑን በግልጽ አይተዋል። ኤቡሱዑድ ደግሞ በዚያ ጨርቅ ምክንያት ስንት ሕፃን ፊደል እንደሚቆጥር አይተዋል።

ወደ መንግሥቱ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በመጀመሪያ ፈረሰኛው ወታደር ደሞዙ ጥሬ ገንዘብ አልነበረም። የአንድ አካባቢ ግብር ይሰጠዋል፤ በልዋጩ ይዘምታል። ቲማር ይባላል። የእኛን ጉልት ያስታውሳል። ጠመንጃ ሲበዛና ደሞዝተኛ እግረኛ ሲያስፈልግ ግን ጥሬ ገንዘብ ግድ ሆነ። ያኔ ግብር የመሰብሰብ መብት በጨረታ መሸጥ እየበዛ መጣ። አሸናፊው ለጥቂት ዓመት ስለሚይዘው ገበሬውን አሟጦ ያልበዋል። ነገ የሌላ ሰው ነዋ! በ1695፣ ቪየና በር ላይ ከተጀመረው ረጅም ጦርነት መሃል፣ መብቱን ዕድሜ ልክ መሸጥ ጀመሩ። ማሊካኔ ይሉታል። ገዢው መጀመሪያ ጠቀም ያለ ገንዘብ ይከፍላል፣ ከዚያ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ። ሐሳቡ ዕድሜ ልኩን ከያዘው ይንከባከበዋል የሚል ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ገዢዎቹ ኢስታንቡል ተቀምጠው ለሌላ ሰው አከራዩት፤ ያም ለሌላ። ከኋላ ሆነው ገንዘቡን የሚያቀርቡትና ዋስ የሚሆኑት ሰራፎች፣ ማለትም ገንዘብ መንዛሪዎችና አበዳሪዎች፣ ነበሩ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ብዙዎቹ አርመኖች ናቸው። ባንክ የምንለውን ሥራ ግማሹን የሚሠሩት እነሱ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ግብሩ አልበቃ ሲል ሳንቲሙን ማሳነስ አለ። በ1585 እና 86 የሆነው ይህ ነው። ከ100 ድርሃም (ድርሃም እዚህ ጋ የክብደት መለኪያ ነው) የብር ማዕድን 450 አክቼ ይወጣ የነበረው 800 ሆነ። የቬኒስ ዱካት ወርቅ ከ60 አክቼ ወደ 120 ወጣ። በ1589 ጃኒሳሪዎቹ፣ የሱልጣኑ ደሞዝተኛ እግረኛ ወታደሮች፣ በዚህ እርባና ቢስ ሳንቲም ደሞዝ ሲከፈላቸው ቤተ መንግሥቱን ከበቡ። ተጠያቂ ያሉትን ፓሻና የግምጃ ቤቱን ሹም ጭንቅላት ጠየቁ። ሱልጣን ሙራድ 3ኛም ሰጧቸው። እኔ ግን ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ የቁርዓን አስተማሪው ነው። ደሞዙ በወቅፉ ሰነድ ላይ በአክቼ ቁጥር ተወስኗል። ሳንቲሙ ሲቀልና ኑሮው ሲወደድ የማንን ቤተ መንግሥት ይክበብ?

በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ኩሩሽ የሚባል ትልቅ የብር ገንዘብ መጣ፤ አንዱ 120 አክቼ። ስሙ ከአውሮፓው ግሮሽን የመጣ ነው። አረቦቹ ቂርሽ አሉት። በምኒልክ ዘመን ግርሽ ያልነው፣ ትግርኛ ተናጋሪው እስካሁን ቅርሺ የሚለው ይኸው ነው።

«ታዲያ ወቅፉ ለምን ባንክ ሆኖ አላደገም?» ላልከው የእኔ መልስ ይህ ነው። እያንዳንዱ ወቅፍ ለብቻው ቆሟል። ከሌላው ጋር ተዋህዶ መተለቅ አይችልም፤ የወቃፊው ቃል አይለወጥማ። ለባለሱቅና ለቤት ጉዳይ በቂ ነበር። ከኢራን ሐር የሚያመጣውን ነጋዴ ግን አይችለውም። እሱ ባለገንዘብ ፈልጎ በሽርክና ይሠራል፤ አንዱ ገንዘብ ያወጣል፣ ሌላው ይጓዛል፣ ትርፉን ይካፈላሉ።

ኦቶማን ባንክ የተባለው በእንግሊዝ ገንዘብ በ1856 ተቋቋመ። በ1863 ፈረንሳዮችም ገብተውበት የመንግሥት ባንክ ሆነ። የድሮዎቹን የገንዘብ ወቅፎች ነገር ግን ሰው ይረሳዋል። በ1954 የቱርክ ሪፐብሊክ ከእነሱ የተረፈውን ገንዘብ ሰብስቦ ባንክ አቋቋመበት። ቫክፍባንክ፣ የወቅፎች ባንክ ማለት ነው። ቡርሳ ከሄድክ ቅርንጫፉን ታገኘዋለህ። ከዚያ በእግርህ ወደ ኮዛ ሃን ግባ፤ በ1491 የተሠራው የሐር ገበያ ነው። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ሻይ ይሸጣል፤ ዙሪያውን ደግሞ እስከ ዛሬ ሐር።