የድሮ ካርታ፣ ዲቴክተር እና ጣና ዳር፦ ጠይቁ፣ ጋሽ ቀያሽ ይመልሳል

ጋሽ ቀያሽ፦ እሺ ቁጭ ብያለሁ፣ አቦሉ ተቀድቷል፣ ጠይቁ። ዕድሜዬን በቅየሳ ነው የጨረስኩት፣ ዲቴክተር (የብረት መፈለጊያ ማሽን) የያዝኩትም የተቀበረ ቤንች ማርክ፣ ማለትም የቀያሽ ምልክት፣ ፍለጋ ነው እንጂ ወርቅ ፍለጋ አይደለም። ከመጀመራችን በፊት፦ ካርታ ማንበብ ማንም አይከለክልም፣ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ግን ያለ ቅርስ ባለስልጣን ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ክልክል ነው። "መሬቱ የአባቴ ነው" የሚባል ነገር የለም።

የአባይ ማዶ ልጅ፦ ጋሼ፣ እንግሊዝ ያለው የአክስቴ ልጅ በድሮ ካርታ ቦታ እየመረጠ ሳንቲም ያወጣል። እንዴት ነው የሚያደርጉት?

ጋሽ ቀያሽ፦ ጥሩ ጥያቄ። እነሱ አገራቸውን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በ1:10,560 ስኬል ጨርሰው አንስተውታል፣ አጥርና የውኃ ጉድጓድ ሳይቀር። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ያንን ካርታ ከዛሬው ሳተላይት ጋር ጎን ለጎን በነፃ ያሳይሃል። የሚፈልጉት ድሮ ኖሮ ዛሬ የጠፋውን ነው፣ የእግር መንገድ፣ የወንዝ መሻገሪያ፣ የፈረሰ ቤት፣ የበዓል ሜዳ። ሰው ሳንቲም የሚጥለው ቆሞ በሚከፍልበት፣ ጭነት በሚፈታበት፣ ጎንበስ ብሎ ውኃ በሚጠጣበት ቦታ ነዋ። ከዛ የባለመሬቱን ፈቃድ ይወስዳሉ፣ ውድ ነገር ሲያገኙም ለመንግስት ያሳውቃሉ፣ ለሱም ሕግ አላቸው። የእኛ ሕግ ሌላ ነው፣ ከላይ ጽፌዋለሁ።

ወርቁ ነኝ፦ ጋሼ ጣና ዳር የት ቢቆፈር ጥሩ ነው?

ጋሽ ቀያሽ፦ የትም።

የዘጌ ቡና፦ እኛ አገር እንደዛ ዓይነት ካርታ የለንም እኮ፣ ታዲያ የድሮ ገበያ ወይም መንገድ በምን ይታወቃል?

ጋሽ ቀያሽ፦ አንቺ ነገሩ ገብቶሻል። እኛ ጋ ስሙ ራሱ ይናገራል። ሐሙሲት ለምን ሐሙሲት ተባለች? ማክሰኝትስ? አርብ ገበያስ? ገበያው የሚቆምበት ቀን ነው። ገበያ ቦታ ይቀይራል፣ ቀኑም ይቀየራል፣ ስም ግን ካርታ ላይ ይቀራል፣ ዛሬ ባዶ ሜዳ ላይ የቀን ስም ካየሽ እዛ ላይ ቆም በይ። እኔ መጀመሪያ የማነበው ስሙን ነው፣ መስመሩን በኋላ። ጣልያኖች የሰሩት የድሮ ካርታ ላይ ደግሞ ስሙን ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ቀንና ከን፣ ጠንና ተን ስለማይለዩ በዓይን የማይገባሽ በጆሮ ይገባሻል። ከዛ ሽማግሌ ጠይቂ፣ ግን ካርታውን ቀድመሽ አታሳዪ፣ ካሳየሽው አዎ እሱ ነው ብሎ ይገላግልሻል።

ታንኳ ቀዛፊ፦ የ1:50,000ውን ካርታ ስካን አድርጌ ነጥቡን ወደ ስልኬ ጂፒኤስ አስገባሁት፣ ሄድኩ፣ ምንም የለም። ካርታው ውሸት ነው?

ጋሽ ቀያሽ፦ ይሄን ስጠብቅ ነበር! ካርታው አልዋሸም፣ አንተ ዳተሙን፣ ማለትም የቦታው ቁጥር የሚለካበትን መነሻ፣ አልቀየርክም። የድሮው የካርታ ስራ ድርጅት 1:50,000 አዲንዳን በሚባለው ዳተም ነው የተሰራው፣ ስልክህ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ነው የሚሰራው። የአንዱን ቁጥር ወደሌላው ሳትቀይር ብታስገባው 200 ሜትር ገደማ ትስታለህ። እኔም በጀማሪነቴ ይሄን ረስቼ አንድ የባህር ዳርቻ ቤተ ክርስቲያን ጣና ውስጥ ገባብኝ፣ አለቃዬ ስክሪኑን አየና "ታቦቱ ዋና ይችላል እንዴ?" አለኝ። ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ፕሮግራም ውስጥ ዳተሙን በትክክል ምረጥ። የጣልያኑን ካርታ ግን ራስህ በነጥብ ማሰር (ካርታው ላይም መሬት ላይም የሚታወቅ ቦታ ይዘህ ማገጣጠም) አለብህ፣ ለዛ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን የተሻለ ነጥብ የለም፣ ናርጋ ሥላሴ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ከቦታቸው አልተነሱም፣ በሳተላይትም ይለያሉ። የሐይቁን ዳር ግን ነጥብ እንዳታደርግ። ፎገራና ደንቢያ ሜዳ ስለሆነ ውኃው አንድ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ዳሩ ብዙ ርቀት ይሄዳል። ጨረጨራ ላይ፣ አባይ ከጣና በሚወጣበት፣ የውኃ መቆጣጠሪያው ከተሰራበት ከ1988 ወዲህ ደግሞ የውኃው ጠባይ ሌላ ነው፣ በ1995 ምን ያህል እንደሸሸ የምታስታውሱ ታውቃላችሁ።

ሽምብጥ፦ የጀምስ ብሩስ ካርታስ?

ጋሽ ቀያሽ፦ ለታሪክ ግሩም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ብሩስ የአባይ ምንጭ ግሽ አባይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1770 ነው፣ የኢየሱሳውያኑ ሚስዮናዊ ፓኤዝ በ1618 ቀድሞታል። የዛ ዘመን ካርታ ላይ አንድ ነጥብ አንድ ወረዳ ይሸፍናል፣ ቦታ አይፈለግበትም።

ሽምብጥ፦ ፓኤዝን ካነሳህ አይቀር፣ የጢስ አባይ ድልድይ የፖርቱጋሎች ስራ ነው አይደል?

ጉማሬው፦ የምን ፖርቱጋል! በፋሲል ዘመን ነው የተሰራው፣ ፋሲል እኮ ነው ያባረራቸው።

ሽምብጥ፦ ከማባረሩ በፊት ቢሆንስ? በሱስንዮስ ጊዜ የሚሉ አሉ።

ጉማሬው፦ የሚሉማ ብዙ ይላሉ፣ የፈረንጅ ነገር ካልሆነ አታምኑም።

የአባይ ማዶ ልጅ፦ ኖራውን በእንቁላል ነው ያቦኩት ሲባል ሰምቻለሁ

ጋሽ ቀያሽ፦ ድልድዩን ለቀቅ አርጉት፣ ሌላ ቀን ተጣሉበት። ቶናው እየቀዘቀዘብኝ ነው።

ብሩ፦ የአያቴ ሳጥን ውስጥ 1780 የሚል ማርትሬዛ ብር አለ። 240 ዓመት የሞላው ነው ማለት ነው? ቤቱ አካባቢስ ሌላ ይኖራል?

ጋሽ ቀያሽ፦ አይደለም። ብሩ ላይ ያለችው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፣ ከዛ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው፣ ትላንት ቢመታም 1780 ይላል። በእጅህ መዝነው፣ 28 ግራም ገደማ ነው። የምኒልክ ብር ከሆነ ግን በግእዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯ ወይም ፲፰፻፹፱ ካለ ዓመቱ የኛው አቆጣጠር ነው፣ እሱ ይረዳሃል። ደግሞ አትርሱ፣ በዛ ዘመን ገበያ ብዙው ነገር በአሞሌ ጨው ነበር የሚገዛው፣ አሞሌ ዝናብ ያሟሟዋል፣ ዲቴክተርም አይጮህለትም። ትልቅ ገበያ ነበር ማለት ብዙ ብር ተቀብሯል ማለት አይደለም።

ነጭ ጤፍ፦ በስልክ አፕ ወርቅ ማግኘት ይቻላል?

ጋሽ ቀያሽ፦ አይቻልም። አፑ የሚጠቀመው የስልኩን ኮምፓስ ነው፣ ኮምፓስ ብረት እንጂ ወርቅና ብር አያውቅም። ከኪሎ ሜትር ወርቅ ያሳያል የሚባለውን አንቴናም እንዳትገዛ፣ ማጭበርበር ነው። ደህናው ማሽን እንኳ አንድ ሳንቲም የሚሰማው አንድ ስንዝር ገደማ ድረስ ነው፣ የእኛ ቀይ አፈር ደግሞ ከጥቁር ድንጋይ (ባዛልት) የወጣ ስለሆነ የብረት ማዕድን ይበዛበታል፣ ዝም ብሎም ያስጮኸዋል። እኔ ለቤንች ማርክ ስዞር ግማሽ ቀን የቆፈርኩት የሰርዲን ቆርቆሮ ክዳን ሆኖ ቀርቷል።

አዲስ ገቢ፦ ጣልያን ሲሸሽ ወርቅ የቀበረበትን ካርታ የሚሸጥ ሰው አለ፣ ልግዛ?

ጋሽ ቀያሽ፦ አትግዛ። ጣልያን ቀብሮ የሄደው ነገር ካለ ጥይትና ቦምብ ነው፣ ማሽኑ ለሱም ይጮሃል። ያለ ፈቃድ አትቆፍሩ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

ወርቁ ነኝ፦ እሺ ጋሼ፣ ግን በግምት የት ነው ጥሩ?

ጋሽ ቀያሽ፦ አንተ ሰውዬ!

የዘጌ ቡና፦ አያቴ እኛ መንደር ጀርባ የእሑድ ገበያ ነበር ትላለች፣ ካርታው ላይ ግን ስሙ የለም። ሄጄ ባይ ምን ላድርግ?

ጋሽ ቀያሽ፦ ማሽን ሳትይዢ ሂጂ። ትልልቅ ዛፍ ካለ፣ ከየአቅጣጫው የሚገናኙ የበቅሎ መንገዶች ካሉ፣ የታረሰው ላይ ገል ብቅ ብቅ ካለ ነጥቡን በጂፒኤስ ያዢ፣ ፎቶ አንሺ፣ ገሉን ግን ከቦታው አታንሺው። ፎቶውንና ነጥቡን ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ስጪ፣ ለእኔም ላኪልኝ፣ የ1:50,000ው ካርታ ቅጠል ቤት አለኝ፣ በረካውን ጠጥቼ መንገዱን አይልሻለሁ።