በአንድ እጅ ይያዛል?

ሰሞኑን አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ሶውዞል በአንድ እጅ ይዞ መቁረጥ ይቻላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ቶሎ አልመለስኩለትም። ይህችኑ ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት ሌላ ልጅ ጠይቆኝ ነበር።

ለማያውቃት፣ ምላጯ ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለስ የኤሌክትሪክ መጋዝ ናት። ስሙን ያወጣላት ሚልዋኪ የሚባለው የአሜሪካ መሣሪያ አምራች ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1951። ዛሬ የማንም ትሁን የማን ሶውዞል እንላታለን። አንዳንዷ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ያህል ትመላለሳለች።

ያኔ አንድ አሮጌ ክፍል እያፈረስን ነበር። ልጁ ረዳቴ ነው፤ ሥራ ከጀመረ ገና ጥቂት ወሩ። የግድግዳውን የእንጨት ቋሚ እንዲቆርጥ አዘዝኩት። በግራ እጁ እንጨቱን ሊደግፍ ፈልጎ «በአንድ እጅ ይሆናል?» አለኝ። መሰላል ላይ ነበርኩ፤ ዞሬም አላየሁት። «ታዲያ ምን ይሆናል? ቀጥል!» አልኩት።

ከእንጨቱ ጀርባ የብረት ቧንቧ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው። የእንጨቱ ወፍራም ድምፅ ድንገት ወደ ብረት ኳኳታ ተቀየረ። የምላጩ ጫፍ ቧንቧውን ሲመታ መሣሪያዋ ወደኋላ ተስፈነጠረች። ሰው ሲደነግጥ ይጨብጣል እንጂ አይለቅም፤ ልጁም ማስነሻውን እንደጨበጠ ቀረ። ምላጩ እየሠራ ግራ እጁ ላይ አረፈ፣ ሌባ ጣቱ ሥር። በጨርቅ ጠቅልለን ይዘነው ሮጥን። ጅማቱ ተበጥሷል። ተሰፋ፣ ቁስሉም ዳነ። ጣቱ ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፈም።

እንዴት ሆነ ብለው ሲጠይቁኝ «ችኩል ነው፤ አልሰማ አለኝ» አልኩ። ልጁ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አልተናገረም።

መነጽር አድርጉ ብዬ አልመክርም፤ ይህን የማታውቁ አይመስለኝም። የዛሬ ልጆች መሣሪያ በገዛችሁ ማግስት፣ አንድ ቪዲዮ አይታችሁ፣ ባለሙያ ነን ትላላችሁ። በእርግጥ ጆሯችሁን ትሸፍናላችሁ። እኛ ያንን እንደ ፍርሃት ነበር የምናየው፤ ይኸው ዛሬ ጆሮዬ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ያድራል።

ለጥያቄው መልሴ አይቻልም ነው። አንዱ እጅ እጀታውን፣ ሌላው ከፊት ያለውን የጎማ መያዣ ይይዛል። የሚቆረጠው እንጨት ከተወዛወዘ ሌላ ነገር ይደግፈው፤ ካልተደገፈ ደግሞ ወርዶ ምላጩን ይነክሰዋል። ከምላጩ ሥር ያለችውን ብረት፣ ጫማ የምንላትን፣ እንጨቱ ላይ ጥብቅ አድርጋችሁ አስደግፉ። «ዘለለችብኝ» ከሚሉኝ ውስጥ አብዛኞቹ ጫማዋን አየር ላይ ትተው የሚቆርጡ ናቸው።

ግድግዳ ከሆነ መብራቱን ከብሬከሩ አጥፉ፣ ውሃውን ዝጉ። ከዚያም ትንሽ ቀዳዳ ከፍታችሁ ጀርባውን በባትሪ መብራት እዩ። እኔ ያን ቀን ይህን ባደርግ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ምላጩ ወደኋላ ሲሳብም ጫፉ ከእንጨቱ ማዶ መውጣት አለበት። ካጠረ ጫፉ እንጨቱን ከውስጥ እየመታ ወደኋላ ይገፋችኋል። ከመጠን በላይ ከረዘመ ደግሞ የእኛን ቧንቧ ያገኛል። ለእንጨት ጥርሱ ሰፋ ያለውን፣ ለብረት ደቃቁን፣ በኢንች ከ14 እስከ 24 ጥርስ ያለውን ምረጡ። ምላጭ ስትቀይሩ ባትሪውን አውጡ፤ ባለገመድ ከሆነች ከሶኬቱ ንቀሉ። የሠራ ምላጭ እሳት ነው። ስንቴ ጣቴን እንዳቃጠለኝ አልቆጥርም።

እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ ቀን በኋላም እኔው ራሴ መሰላል ላይ ሆኜ በአንድ እጅ ቆርጫለሁ። ስለዚህ የሠራሁትን ሳይሆን የምላችሁን አድርጉ።

ልጁ በኋላ ሌላ ሙያ ያዘ። አንድ ቀን መንገድ ላይ ተገናኘን። «ጋሼ!» ብሎ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ያቺ ጣት ብቻ እንደ እርሳስ ቀጥ ብላ ቀረች። ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትኩና ስለ ሥራው ጠየቅኩት።