ባሕር ዳርና የዓባይ ዳርቻ፦ የጎብኚዎች ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ሲሆን፣ ለበርካታ ዓመታት እንግዶችን ወደ ፏፏቴውና ወደ ገዳማቱ በመምራት ሠርቻለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ስለ ወንዙ ዳርቻ የቀረቡልኝ ናቸው፤ ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጢስ ዓባይን በየካቲት ወር ሄጄ አየሁት። በአሮጌው አንድ ብር ኖት ላይ የምናውቀውን ፏፏቴ ጠብቄ ቀጭን የውኃ መስመር ብቻ አገኘሁ። ፏፏቴው ደርቋል ማለት ነው?

መልስ፦ አልደረቀም፤ ነገር ግን በብር ኖቱ ላይ ያለውን መልክ በየካቲት መጠበቅ አይቻልም። ፏፏቴው 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሲሆን ክረምቱ ሲሞላ ወርዱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። የበጋው መሳሳት ግን ከዝናብ ማነስ ብቻ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫና በ2001 የተጨመረው 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ጣቢያ ውኃውን ከፏፏቴው በላይ በቦይ ጠልፈው፣ ተርባይን አሽከርክረው ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ ይመልሱታል። በባሕር ዳር የሐይቁ መውጫ ላይ ያለው የጨራጨራ ግድብም ከጣና የሚለቀቀውን ውኃ ይመጥናል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ደግሞ ውኃውን ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ያፈስሰዋል፤ በለስም ከዓባይ ጋር የሚገናኘው ከፏፏቴው እጅግ ርቆ በስተታች ነው። በለስ ሥራ ከጀመረ በኋላ በሁለቱ የጢስ ዓባይ ጣቢያዎች ላይ የነበረው ጫና ስለቀነሰ ለፏፏቴው የሚደርሰው ውኃ ከቀድሞው የተሻለ ሆኗል፤ ያም ሆኖ ሙሉ ግርማውን የሚያሳየው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። እኔን ምረጥ ብትሉኝ የጥቅምትን መጀመሪያ እመርጣለሁ፤ ውኃው ገና አልቀነሰም፣ የመንገዱ ጭቃ ግን ጠንክሯል። በነሐሴ ጫማችሁን ጭቃው ውስጥ ትታችሁ እንዳትመለሱ እሰጋለሁ።

ጥያቄ፦ ወደ ፏፏቴው ስንሄድ የሚያጋጥመው የድንጋይ ድልድይ በእርግጥ የፖርቱጋሎች ሥራ ነው? ቆሞ ለማየት የሚያበቃ ነገርስ አለው?

መልስ፦ ብዙ ሰው ወደ ፏፏቴው ሲጣደፍ ድልድዩን እንደ ተራ መተላለፊያ ይረግጠውና ያልፋል፤ በእኔ አመለካከት ግን ከፏፏቴው አያንስም። የአላታ ድልድይ የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ሲሆን፣ በዓባይ ላይ ከተሠሩት የድንጋይ ድልድዮች የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል። የአካባቢው ሰው «የፖርቱጋሎች ድልድይ» ይበለው እንጂ ያሠሩት የኢትዮጵያ ነገሥታት ናቸው፤ ከውጭ የመጣው የኖራና የቅስት ዕውቀት ነው። በተለምዶ ኖራው በእንቁላል ተለውሶ እንደተገነባ ይተረካል።

እዚያ ስትደርሱ መሐል ላይ ከመቆም ይልቅ፣ ውኃው ዝቅ ባለበት ወቅት ከዳር ወርዳችሁ ከጎን ተመልከቱት። ወንዙ በዚህ ሥፍራ በጥቁር ዓለት መካከል ስለሚጠብብ፣ ግንበኞቹ ቅስቱን ዓለቱ ላይ ያሳረፉበትን ጥበብ የምታስተውሉት ከዚያ ነው። ሸክም የጫኑ አህዮችም ዛሬም ይሻገሩበታል፤ ድልድዩ ሙዚየም ሳይሆን መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ ሰባራ ድልድይ የሚባለው ይኸው ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሰባራ ድልድይ ከፏፏቴው በታች ብዙ ርቆ፣ ጎጃምን ከቤጌምድር ያገናኝ የነበረ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን የተሠራ ሌላ ድልድይ ነው። ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን የጠላትን መንገድ ለመቁረጥ አንዱ ቅስት ስለፈረሰ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሰዎች በገመድ እየተሳቡ ይሻገሩ ነበር። የአንድ ቀን ጎብኚ የሚደርስበት ቦታ ግን አይደለም።

ጥያቄ፦ እናቴን ይዤ ለመምጣት አስቤያለሁ። ዕድሜዋ ስለገፋ ረጅም ጉዞ አይሆንላትም፤ ደግሞ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት እንዳሉ ሰምቻለሁ። የትኛው ይሻለናል?

መልስ፦ ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ጣና ቂርቆስ ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ስለሆኑ ከዕቅድዎ ያውጧቸው። ለእናትዎ ከሁሉ የሚቀርበው ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ሥፍራ አጠገብ ያለው ደብረ ማርያም ነው፤ የጀልባው ጉዞ አጭር ነው፣ ዳገትም የለውም። አቅሟ ከፈቀደላት ደግሞ ወደ ዘጌ ባሕረ ገብ መሬት፣ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይውሰዷት፤ ከጀልባ ማረፊያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድ በቡና ጥላ ሥር የሚያልፍ ቢሆንም ድንጋያማና ዳገታማ ስለሆነ ምርኩዝ መያዝ ያስፈልጋል።

ዑራን ለምን እንደምመርጥ ልንገርዎት። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ሲሆን ጣሪያው ላይ ያለው ጉልላት በሰጎን እንቁላል የተሽቆጠቆጠ ነው። ውስጡ ጨለም ይላል። ቄሱ የመቅደሱን መጋረጃ ወደ ጎን ሲገልጡ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሞልቶ ይታያል፤ በበሮቹ ላይ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት ቆመዋል። ሥዕሎቹ የተሣሉት ግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ መሆኑን ጠጋ ብለው ሲያዩ፣ ዳሩ በተላቀቀበት ቦታ ያስተውሉታል። በእጅ መንካት አይገባም።

የዘጌ ደን ሳይጨፈጨፍ የቆየው በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ነው ይባላል፤ እንደ ትውፊቱ ቡናውም ጌሾውም የበቀለው ከጻድቁ በትር ሲሆን፣ የባሕረ ገብ መሬቱ ነዋሪዎች በሬ ጠምዶ ማረስን ትተው በቡናና በፍራፍሬ ኖረዋል። እናትዎ ይህን ታሪክ ከእኔ የበለጠ ያውቁት ይሆናል።

ጥያቄ፦ ቤዛዊት ተራራ ላይ ያለውን ቤተ መንግሥት ገብቶ ማየት ይቻላል?

መልስ፦ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነው፤ ወደ ውስጥ ለመግባት ሳይሆን ለእይታው ነው የሚወጣበት። ዓባይ ከተማውን ለቅቆ ሲጠማዘዝ ከዚያ በደንብ ይታያል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ውጡ።

ጥያቄ፦ ጉማሬ ለማየት ጀልባ መከራየት ግድ ነው?

መልስ፦ ግድ አይደለም። ማለዳ ላይ ከወንዙ ዳር በትዕግሥት የተቀመጠ ሰው ጆሮና አፍንጫቸውን ከውኃው በላይ ሲያወጡ ሊያይ ይችላል። አዲሱ የዓባይ ድልድይ፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ፣ ለእግረኛ ሰፊ ቦታ ስላለው ከላይ ሆኖ ለማየትም አመቺ ነው። ጉማሬ ሣር ለመጋጥ ከወጣ በኋላ ግን በእርሱና በውኃው መካከል እንዳትገቡ ተጠንቀቁ፤ ምሽት ላይ በዳርቻው ሣር ውስጥ አትሂዱ።

ጥያቄ፦ እምቦጭ ሐይቁን ሸፍኖታል ስለተባለ ጉዞዬን ልሰርዝ?

መልስ፦ አይሰርዙ። አረሙ የበረታው በሐይቁ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በጎንደር በኩል ነው፤ በባሕር ዳርና በዘጌ በኩል የሚጓዝ ሰው ብዙም አያየውም። ለዓሣ አጥማጁ ግን ከባድ ፈተና ነው።

ጥያቄ፦ የዓባይ ምንጭ ጣና ነው ወይስ ግሽ? ግሽንስ በአንድ ቀን ከባሕር ዳር ደርሶ መመለስ ይቻላል?

መልስ፦ ምንጩ ሰከላ ውስጥ ያለው ግሽ ዓባይ ነው፤ ከዚያ የሚነሳው ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ይገባል፣ ትልቁ ዓባይ ደግሞ በባሕር ዳር ከጣና ይወጣል። የካቶሊክ ሚሲዮናዊው (ኢየሱሳዊው) ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ቦታውን አይተውታል፤ የሀገሩ ሰው ግን ከእነርሱ አስቀድሞ ጸበሉን ሲጠመቅበት ኖሯል። ቦታው ጸበል ስለሆነ እንደ መዝናኛ አትግቡበት። በአንድ ቀን ለመመለስ ሌሊት መነሳት ያስፈልጋል፤ አድራችሁ ብትመለሱ ይሻላል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት የመንገዱ ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ፣ ወደ ግሽም ሆነ ወደ ጢስ ዓባይ ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ቀን መንገዱን የተጓዘ ሹፌር ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ታንኳ ላይ መሳፈር ይቻላል? ሲሠራስ የት ማየት ይቻላል?

መልስ፦ ታንኳው የሚሠራው ከሐይቁ ዳር በሚታጨድ ደንገል ነው። ደንገሉ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያም እየተጠቀለለ በገመድ ይጠፈራል፣ አፍንጫውም ወደ ላይ ይቀለበሳል። በዚህ ሙያ የሚታወቁት ነገደ ወይጦ ሲሆኑ፣ በባሕር ዳር የሐይቅ ዳርቻ ሲሠሩ ታገኟቸዋላችሁ፤ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ የሚሸጡትን ትንሽ ታንኳ ወይም ሰፌድም ግዙ። ደንገል ውኃ እየመጠጠ ስለሚከብድ ባለቤቱ ሥራውን ሲጨርስ ታንኳውን አውጥቶ አቁሞ ያደርቀዋል። ለአጭር ርቀት፣ ከዳር ሳይርቁ መሳፈር ይቻላል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ስለሚነሳና ማዕበሉ ስለሚያይል ጠዋት ብቻ ውጡ።